ምን ጎድሎባት

«እህቴማ ደህና ናት፤ ምን ጎድሎባት!» አለች ዐዚዛ፣ ግቢው በር ላይ ቆማ፣ ቦርሳ ላንጠለጠለው ወጣት። ሪሃና ከቤቱ ጀርባ ልብስ እያሰጣች ነበር፤ እርጥቡን አንሶላ በሁለት እጇ እንደያዘች ድርቅ ብላ ቀረች። ወጣቱ እስጢፋኖስ ይባላል፤ ለደሃ ልጆች የፀሐይ መብራት የሚያድለው፣ ቅዳሜ ቅዳሜም የሚያስጠናው ድርጅት ሠራተኛ ነው። የጠየቀው ነገር ደግሞ የሚያስቸግር አልነበረም፤ «በዚህ ግቢ ከልጅዎ ከሉባባ ሌላ ስምንተኛ ክፍል የሚፈተን፣ ማታ የሚያነብበት መብራት ያጣ ልጅ አለ ወይ?» ነው ያለው። አለ እንጂ! ሙስዓብ አለ። ከዐዚዛ ጋር ግድግዳ ተጋርቶ፣ በኩራዝ ጭስ ዓይኑ ቀልቶ፣ አፍንጫው ጠቁሮ የሚያድር የገዛ እህቷ ልጅ አለ። ዐዚዛ ግን አፏን ሞልታ ምን ጎድሎባት አለች፤ አለችና የሳምቡሳ ሣፋዋን አናቷ ላይ አድርጋ ወደ ቅዳሜ ገበያ ውልቅ አለች። ወጣቱም «ከሰዓት በኋላ ቤት ለቤት ስዞር ብቅ እላለሁ» ብሏት መንገዱን ቀጠለ። አንሶላው በሪሃና እግር ላይ ውሃውን ያንጠባጥባል።

ሰው በሩቅ ሀብታም አይቀናም። ፎቅ የሚሠራውን አይቶ «አላህ ይጨምርለት» ብሎ ያልፋል። አንጀት የሚያሳርረው አጠገብ ያለው ነው፤ አንድ ጡት የጠባ፣ ካንድ ቧንቧ የሚቀዳ፣ ትናንት ከእኔ በታች ነበር የሚባለው። ሪሃናና ዐዚዛ ጎንደር፣ አዲስ ዓለም ውስጥ በአንድ የቀበሌ ግቢ፣ ጎን ለጎን በተቀጠሉ ሁለት የጭቃ ክፍሎች ይኖራሉ። ሪሃና ታላቅ ናት፤ የተዳረችውም ለትልቅ ቤት ነው፤ ለሐጂ ዐብዱልከሪም ልጅ ለቡሽራ። ሐጂ ቅዳሜ ገበያ ላይ ትልቅ የጨርቅ ሱቅ የነበራቸው፣ በረመዳን ደጃቸው ላይ ደሃ ተሰልፎ ዘካ የሚቀበልላቸው ሰው ነበሩ። ዛሬ ሐጂ የሉም፤ ሱቁም በወራሾች ተሸንሽኖ አልቋል፤ የቡሽራም ድርሻ መተማ ላይ በሰሊጥ ንግድ ቀልጦ ቀርቷል። ስሙ ግን አለ። ዐዚዛ በበኩሏ ባሏ የሞተባት፣ ሳምቡሳ ጠብሳ አንዲት ልጇን ሉባባን የምታሳድግ ሴት ናት፤ ስምም ሱቅም ኖሯት አያውቅም። ሁለቱ ክፍሎች መብራት የሚያገኙት ከፊት ለፊቱ ቤት በተሳበ ሽቦ ነበር። ያ ቤት ሲሸጥ አዲሱ ገዢ ሽቦውን ቆርጦ ጣለው፤ ለብቻ ቆጣሪ ማስገባት ደግሞ አቅም ይጠይቃል። እህትማማቾቹ ሁለቱም እኩል ጨለማ ውስጥ ገቡ። እኩል በነበሩ ጊዜ ምንም አልነበረም።

በጥቅምት ሉባባ ያቺን ቢጫ መብራት ይዛ መጣች። ለዓይን ምንም አይደለችም፤ የሻይ ሰሃን የምታህል ክብ ነገር ናት፤ ደብተር በሚያህል ጥቁር ሰሌዳ ቀን ፀሐይ ስትጠጣ ውላ ማታ ታበራለች። ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ማታ ማታ በግድግዳው ስንጥቅ ነጭ ብርሃን እየሾለከ ሪሃና አልጋ ላይ ይወድቅ ጀመር። ስንጥቁን በጋዜጣ ለጠፈችው። ጋዜጣው ራሱ በራ። በላዩ ካርቶን ደረበችበት። ይህ ሁሉ ባልከፋ፣ የመንፈቁ ውጤት ሲመጣ ከአምስተኛ ወርዶ የማያውቀው ሙስዓብ አሥራ አራተኛ፣ ድሮ መሃል ላይ የምትገኘው ሉባባ ሦስተኛ ወጣች። ሪሃና «ማሻአላህ!» አለች፤ እህቷንም አቀፈቻት፤ ቤቷ ገብታ ግን ሽንኩርት ሳትከትፍ አለቀሰች። ሙስዓብ አንዴ «እማዬ፣ ሉባባ ጋ ሄጄ ላንብብ? አክስቴ ና ብላኛለች» ቢላት «የሐጂ ዐብዱልከሪም የልጅ ልጅ የሰው መብራት ሊለምን!» ብላ አፉን አስያዘችው። ኩራቷ ራቷ ማለት እሷ ናት። በሐጂ ቤት ሲኖሩ «የለንም» የሚባል ነገር አልነበረም፤ ስኳር እንኳ ሲያልቅ «በረከተ» ነው የሚባለው፤ ሪሃና እሱን ተምራ ቀረች። በጥቅምት የመብራቱ ድርጅት መዝጋቢዎች ቤት ለቤት ሲዞሩ ምንጣፏን ዘርግታ፣ ጠርዙ ወርቅማ በሆነው ብርጭቆ ሻይ አቅርባ «አልሐምዱሊላህ፣ ሁሉም ሙሉ ነው» ያለች ራሷ ናት። እነሱስ ምን ያድርጉ? ሙሉ ነው ካለች ሙሉ ነው ብለው ሄዱ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ዐዚዛ ገበያ፣ ሉባባ ደግሞ ጥናት ስለምትውል መብራቷን ቆርቆሮው ላይ አውጥታ፣ ፀሐዩ ሲዞር የምታዞራት ሪሃና ነበረች። ዛሬም ዐዚዛ መብራቷን ከነሰሌዳዋ የሪሃና ደጃፍ ላይ አኑራላታለች። አጠገቧም በሰሃን ተከድኖ የተቀመጠ ሳምቡሳ አለ፤ «ለቁርሳችሁ» ማለቷ ነው፤ ቅዳሜ ቀን እንዲህ ሳታደርግ ወጥታ አታውቅም። ሪሃና አንሶላውን እንደ ነገሩ ገመዱ ላይ ጣል አድርጋ መጥታ መብራቷ ፊት ቆመች። እንደ ወትሮው ወንበር ስባ፣ በወንበሩ ወጥታ ቆርቆሮው ላይ ልታስቀምጣት ይገባ ነበር። እሷ ግን በእግሯ ገፋ አድርጋ ከቤቱ ክዳን ሥር፣ ጥላው ውስጥ አስገባቻት። «ምን ጎድሎባት አይደል የተባለው?» አለቻት፣ መብራቷ ሰው ይመስል። «እንግዲያ አንቺም ምንም አይጉደልብሽ። እዚሁ ተቀመጪ።» ሳምቡሳውን ግን ወደ ቤት አስገባችው።

ሚያዝያ ነው፤ ሰማዩ ቅንጣት ደመና የለበትም፤ የጎንደር ፀሐይ አናት ይበሳል። ሪሃና ላምባ ለመግዛት ወደ ቅዳሜ ገበያ ወረደች። ሽንኩርቱም ጨምሯል፣ ቲማቲሙም ጨምሯል፣ ላምባ የሚሸጠው ሰውዬ ደግሞ «ነገ ከዚህም ይወደዳል፣ ዛሬ ውሰጂ» ይላል፣ ውለታ የሚውል ይመስል። ጠርሙሷን አስሞልታ ዞር ስትል ከእንኳየሁ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። እንኳየሁ ከኮላ ድባ የመጣች፣ ድሮ በሐጂ ቤት ልብስ ታጥብ የነበረች ሴት ናት። ከሩቅ ነው የጮኸችው፤ «ምነውሳ ሪሃና፣ እንዲህ ይጠፋል እንዴ!» አገላብጣ ሳመቻት። ከዚያ ሳትጠየቅ ወሬዋን ዘረገፈችው። «የኔ ልጅማ መብራት አገኘ እኮ! ሸጋ መብራት፣ ቤቱን ቀን ነው የሚያስመስለው! ለታናሽየው ደግሞ ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ልሰለፍ ነው፤ እዚያ ንባብ ቤታቸው አዲስ እንመዘግባለን ብለዋል። የእናንተውስ ልጅ አገኘ?»

«እኛማ ምን አስፈልጎን» አለች ሪሃና፣ የላምባውን ጠርሙስ በሻርፗ ሸፍና።

እንኳየሁ ምርቃት አወረደች፤ «እንዳይጎድልባችሁ፤ የሐጂ ቤትማ ለኛም ተርፎ ነበር» ብላ ወደ ጎመን መደቡ ሄደች። ሪሃና ጀርባዋን እያየች ቆመች። ካልሲያችንን ስታጥብ የነበረችው! ልጇ ነጭ ብርሃን ፊት ተቀምጦ መጽሐፍ ይገልጣል፣ ሁለተኛው ሊቀጥል ነው፣ የሐጂ የልጅ ልጅ ግን ጭስ ይውጥ! እያለች ጠርሙሷን እቅፍ አድርጋ ባሏ ዘንድ ደረሰች። ቡሽራ በሰው ሱቅ በረንዳ ላይ፣ በኪራይ መኪና ልብስ ይሰፋል። የሰው ሱቅ የተባለው ደግሞ የአባቱ ሱቅ የነበረው ነው፤ ይህን ሁለቱም ያውቃሉ፣ አንስተውት ግን አያውቁም። ላቡን በእጅጌው ጠርጎ «ዛሬስ ፀሐዩ ሊገድለን ነው» አላት። ሪሃና ዐዚዛ ጠዋት ያለችውን አንድ ሳታስቀር ነገረችው። ቡሽራ መኪናውን እየረገጠ ሰማት፤ የሱሪውን ጠርዝ ጨርሶ ክሩን በጥርሱ በጠሰና «ታዲያ ምን ትበል?» አላት። «የዛሬ ሁለት ዓመቱን ረሳሽው? ያን የረመዳኑን?»

«አንተም ከሷ ጋር ሁን!» አለችና ትታው ሄደች።

ቤት ስትደርስ ሙስዓብ ግቢ ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሒሳብ እየሠራ ነበር። ቀን ቀን ብርሃን ሳያልቅበት እንዲህ ነው፤ ጥላው ሲሸሽ አብሮ እየሸሸ ያነባል። እናቱን ሲያይ ብድግ ብሎ ጠርሙሱን ተቀበላትና «እማዬ፣ የሉባባ መብራት እኮ ጥላ ላይ ናት። ረስተሻት ነው?» ብሎ ወንበሩን ይስብ ጀመር።

«ተዋት።»

«ሰኞ ሞዴል ፈተና አለብን፤ ዛሬ ማታ እኮ ሉባባ…»

«ተዋት አልኩህ! ያንተን አንብብ!»

ልጁ እናቱን አየ፤ መብራቷን አየ። ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰና ደብተሩን ከድንጋዩ ላይ አነሣ፤ ከዚያ በኋላ ገጽ ሲገልጥ አልተሰማም። ሪሃና ምሳ አቀረበችለት፤ በልቶ «አልሐምዱሊላህ» ብቻ አለ። ዝም ሲል አባቱን ነው የሚመስለው፤ ይህም አናደዳት። የዐስር ሰላት ሲደርስ ወደ መስጊድ ሄደ።

እሱ እንደወጣ እስጢፋኖስ መጣ። የዐዚዛን በር አንኳኩቶ መልስ ሲያጣ ወደ ሪሃና ዞረና «እትዬ ዐዚዛ አልተመለሱም?» አለ። «ገበያ ናት፤ ግባ እንጂ፣ ሰው ደጅ ላይ ይቆማል እንዴ? ወላሂ ሳትቀመጥ አትሄድም!» አለችው። እንግዳ ስታይ እጇ በራሱ ነው የሚሠራው፤ ምንጣፉ ከአልጋው ሥር ወጥቶ ተዘረጋ፤ ከማዶው ሱቅ አንድ ሚሪንዳ በዱቤ መጣ፤ ወርቅማ ጠርዙ ብርጭቆ ተወለወለ፤ በሰሃን የተከደነው ሳምቡሳም ቀረበ። ልብ በሉ፣ የዐዚዛ ሳምቡሳ ነው። ወጣቱ ሁለቱን በልቶ «ሙያ ነው፣ እትዬ!» አላት፤ ሪሃናም «ብላ፣ ምን አለው» አለች እንጂ የእህቴ ሙያ ነው አላለችም። ከዚያ እስጢፋኖስ ጉሮሮውን ጠረገ። ሁለት ቤት የተሰጠ መብራት ገበያ ላይ ሲሸጥ ስለተገኘ አሁን ስለ እያንዳንዱ ቤት ጎረቤት እንደሚጠየቅ፣ እንዳይከፋቸው፣ ደንብ ሆኖበት እንደሆነ አስረድቶ «መብራቷን ለልጅቷ ጥናት ብቻ ነው አይደል የሚጠቀሙባት?» አላት።

«እኔ ምን አውቄ» አለች ሪሃና መጀመሪያ። እዚያ ላይ ቢበቃት ምናለበት! አልበቃትም። ምን ጎድሎባት የሚለው የጠዋቱ ድምፅ በጆሮዋ እየተመላለሰ፣ «ልጅቷስ ታነባለች። ማታ ከመግሪብ ሰላት በኋላ ግን መስጊዱ አጠገብ ሳምቡሳ ይሸጥባታል። ያው ንግድ ነው እንግዲህ» አለች። ይኼ እውነት ነው፤ አንድ ቃል አልጨመረችበትም። የምትሸጠው ለጥቂት ጊዜ መሆኑን፣ ሉባባም እዚያው እናቷ አጠገብ ተቀምጣ በዚያችው መብራት እያነበበች መሆኑን ግን ዋጠችው። ወጣቱ ፊቱ ጠቆረ። ልጅቷን ይወዳታል መሰለኝ። «ለንግድ የዋለ መብራት ይመለሳል፣ ለተረኛ ልጅ ይሰጣል፤ ደንባችን ነው፤ ለእትዬ ዐዚዛም ነግረናቸዋል» አለ ቀስ ብሎ። ሪሃና «ለተረኛ ልጅ» የምትለዋን ብቻ ነው የሰማችው። ሄዳ መብራቷን ከክዳኑ ሥር አንሥታ፣ ሽቦዋን ጠቅልላ፣ በገዛ እጇ አስረከበችው። «ፀሐይ ላይ አትወጣም እንዴ?» ሲላት «አሁን ነው ያወረድኋት» አለች።

ቦርሳው ውስጥ ከተታት። ሪሃና ቆማ ጠበቀች። ሙስዓብ ከመስጊድ ሲመለስ ጠረጴዛው ላይ ሲያገኛት የሚሆነውን ሁሉ አይታ ጨርሳለች፤ ካርቶኑን ከስንጥቁ ላይ ስታነሣም፣ ብርሃኑ ከዚህ ወደዚያ ሲሾልክም ታይቷታል። እስጢፋኖስ ግን ቦርሳውን ዘጋና «ቁስቋም አካባቢ ስትጠብቅ የቆየች አንዲት ልጅ አለች፣ ለሷ ይሆናል» አለ። «የእርስዎን ልጅ እንኳ አስቤ ነበር። ግን እህትዎ ጠዋት ደህና ናቸው አሉኝ፤ አሁንም እንደማየው…» ብሎ ምንጣፉን፣ ብርጭቆውን፣ ሚሪንዳውን በዓይኑ ዞረው። «ወይስ ችግር አለ?»

ይኸው! ጠየቃት እኮ! በዓይኗ እያየችው፣ ከፊቷ ተቀምጦ፣ ወይስ ችግር አለ አላት። አፏን ከፈተች። «ኧረ የለም፣ የለም፤ አልሐምዱሊላህ፣ ሁሉም ሙሉ ነው» የሚለው ነው የወጣው። ምላስ የለመደውን ነው የሚናገረው። ወጣቱ አመስግኗት፣ ምንጣፉን እንዳይረግጥ ጥግ ጥጉን ዞሮ ወጣ። ሪሃና የተረፈውን ሚሪንዳ እያየች ቁጭ አለች። እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል ያለችው አህያ እንኳ ሰርዶውን ለራሷ አልፈለገችውም ነበር፤ ይህቺ ፈልጋ ፈልጋ፣ አግኝታ፣ በገዛ አፏ ለቁስቋም ሰጠችው።

ዐዚዛ ባዶ ሣፋዋን ይዛ የመጣችው ትንሽ ቆይቶ ነው። ነጠላ ጫማዋን በር ላይ አራግፋ «እትዬ፣ መብራቷን አወረድሽልኝ?» አለች።

«ወሰዷት።»

«እነማን?»

«ያ ልጅ። ሳምቡሳ ይሸጥባታል ተብሎ።»

ዐዚዛ ማን ነገራቸው ብላ አልጠየቀችም። በተከፈተው በር ወደ ውስጥ ተመለከተች፤ ምንጣፉን አየች፣ ወርቅማውን ብርጭቆ አየች፣ የራሷን ሰሃን፣ ሰሃኑ ላይ የቀሩትን ሳምቡሳዎች አየች። ሣፋዋን መሬት ላይ አስቀመጠችና «ለሙስዓብ ሰጡት?» አለች።

«አይ። ለቁስቋም ልጅ ነው ያለው።»

የዐዚዛ ፊት የተለዋወጠው ያን ጊዜ ነው። «ለሙስዓብ እንኳ ሳታስቀሪው?» አለች። «እኔ ማን ተናገረ አላልኩሽም። ለልጅሽ ብለሽ ብታደርጊው፣ እናት ናት፣ ጨንቋት ነው ብዬ እተወው ነበር። ሉባባም ከሙስዓብ ጋር ታነባለች፣ ምን ቸገራት! ለማንም አደረግሽው? ከሁለታችንም ቤት አስወጣሽው?»

«አንቺ አይደለሽ ጠዋት ምን ጎድሎባት ያልሽው! በጆሮዬ ነው የሰማሁሽ!»

«አልኩ! ታዲያ ምን ልበል?» አለች ዐዚዛ። «የዛሬ ሁለት ዓመት በረመዳን ለመስጊዱ ሽማግሌዎች እህቴም ተቸግራለች ብዬ፣ ዘካ ቢያመጡልሽ፣ ዱቄቱን ከነጆንያው ደጄ ላይ አልወረወርሽውም? የሐጂን ስም አጠፋሽ፣ ካሁን በኋላ ማንም ስለ እኔ ቢጠይቅሽ ምንም አልጎደለባትም በይ ያልሽኝ ማነሽ? ሁለት ወር ሙሉ ዘጋሽኝ፤ ዒድ እንኳ ሳትስሚኝ አለፈ። አሁንም እንዳትዘጊኝ ፈርቼ በይ ያልሽኝን አልኩ።» ሣፋዋን አንሥታ ቤቷ ገባች። ከግድግዳው ወዲያ ዕቃ ስታንኳኳ፣ ሻማ ስትፈልግ ይሰማል። የማታውን ሳምቡሳ መጥበስ አለባትና ለማልቀስም ጊዜ የላትም።

ሪሃና አፈረች? አዎ፣ አፈረች። ግን እውነቱን እንነጋገርና ያን ሰዓትም ቅናቱ አልለቀቃትም። በመብራቷ መቅናቷስ አለቀ፤ አሁን የቀናችው በዐዚዛ አፍ ነበር። ያቺ ሴት ሽማግሌ ፊት ቆማ ተቸገርን ማለት ትችላለች፣ የሌላትን የለኝም ትላለች፣ ብላም በልታ ታድራለች። የኔ አፍ ምን ሆኖ ነው? እያለች ሻርፗን አንሥታ፣ ምንጣፉን እንደተዘረጋ ትታው ከግቢው ወጣች።

ንባብ ቤቱ ከአስፋልቱ ማዶ፣ ቆርቆሮ አጥር ያለው አንድ ሰፊ ክፍል ነው። ደጃፉ ላይ እናቶች ተሰልፈዋል። ከዐስር ሰላት የወጡ ሐጂን የሚያውቁ ሽማግሌዎች በአጥሩ ጥግ ቆመው ያወጋሉ፤ ሪሃናን ሲያዩ «የቡሽራ ቤት! ደህና ዋልሽ?» አሏት። እግሯ ወደ ኋላ ሊመልሳት ነበር። «ሪሃና!» ብላ የጠራቻት እንኳየሁ ናት። ምን አመጣሽ አላለቻትም፣ አልተደነቀችም። ከፊቷ ቦታ ለቀቀችላትና «ነይ እዚህ ግቢ፣ ወረፋው በዚህ ነው» አለቻት። ሪሃና ገብታ ቆመች። ከኋላዋ የእንኳየሁ ትንፋሽ፣ ከጎኗ የሽማግሌዎቹ ወሬ ነበር፤ ወደ ማንም ዞራ ማየት አልቻለችም።

እስጢፋኖስ ቀና ሲል ደነገጠ። «እትዬ? ምን ልታዘዝ?»

«መብራቱን ለሉባባ መልስላት» አለች። «እህቴ ስትሸጥ ልጅቷም አጠገቧ በዚያው ታነባለች፤ የምትሸጠውም ለጥቂት ጊዜ ነው። እሱን ዋጥኩብህ። ካሁን በኋላ በሻማ ትሸጣለች፤ ሻማውን እኔ እችላለሁ።»

ወጣቱ ትንሽ አሰበ። ቦርሳው አሁንም ከጎኑ ነበር፤ መብራቷም እዚያው ውስጥ ናት። «ቃልዎን ከሰጡኝስ እሺ» አለ። «እርስዎ ቤትስ?»

ሽማግሌዎቹ ወሬ አቆሙ ወይስ ለእሷ መሰላት፣ አላህ ያውቃል። «የለንም» አለች። ድምፅዋ አልወጣም፤ ወጣቱ «እ?» አለ። «የለንም!» አለች፣ አሁን የጮኸች ያህል። «መብራትም የለንም፣ ሌላውም የለንም። ያየኸው ሚሪንዳ የዱቤ ነው፣ የበላኸው ሳምቡሳም የእህቴ ነው። ሙስዓብ ቡሽራ ዐብዱልከሪም ብለህ ጻፍ።» ከኋላዋ እንኳየሁ «እሰይ፣ ተገላገልሽ» አለች፣ የምጥ ይመስል። እስጢፋኖስ ተራው እስኪደርስ ጊዜ እንደሚወስድ ነገራት፤ «ይውሰድ፣ እስከዚያ ከእህቱ ጋር ያነባል» አለችው። መብራቷን ተቀብላ በሽማግሌዎቹ ፊት ስታልፍ በሻርፗ አልሸፈነቻትም።

ሲመሽ ዐዚዛ የጠበሰችውን ሣፋ ላይ ደርድራ፣ ሪሃና የገዛችላትን ሻማ ይዛ ወደ መስጊዱ ጥግ ወጣች። ስትወጣ መብራቷን በሪሃና እጅ አየቻት፤ ሪሃናንም አየቻት፤ «ልጆቹ የኔ ቤት ይቀመጡ፣ ጠረጴዛው ሰፋ ይላል» ነው ያለችው። ሙስዓብ ደብተሩን ይዞ ለመጀመሪያ ጊዜ የአክስቱ ቤት ገባ። ሉባባ መጽሐፏን ገፋ አድርጋ ቦታ ሰጠችው፤ ሪሃናም ከአልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሉባባ መብራቷን አበራችና ሁለቱ ጭንቅላታቸውን አጋጥመው አንድ የሒሳብ ጥያቄ ጀመሩ። ሸጋ ብርሃን ነበር፤ ሪሃና የልጇን ፊት እንዲህ ጥርት ብሎ ማታ ካየችው ስንት ጊዜዋ ነው! ጥያቄውን ሳይጨርሱ ብርሃኑ ደከመ፣ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ ድርግም አለ።

«እንዴ!» አለች ሉባባ በጨለማው፤ መብራቷን ስትነቀንቃት፣ ደጋግማ ስትጫናት ይሰማል። «ጠዋት ከወጣችማ እስክንተኛ ነበር የምትቆይልን። ቀኑን ሙሉ ንባብ ቤት ስለዋልኩ አላየሁም፤ ዛሬ ደመና ነበር እንዴ?»

በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ከደጅ የሚገባው ትንሽ ብርሃን ሙስዓብን ያሳያል፤ ፊቱን ወደ እናቱ አዙሮ ነበር።

«አዎ» አለ ሙስዓብ። «ደመና ነበር።»

ሪሃና ኩራዙን ልታመጣ ተነሥታ ወጣች።